እህት በላይኛው ቤት፣ ወንድም በታችኛው ቤት

ለተከበሩ የሕፃናት መጠለያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆችዎ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እንደዚሁ ያቆይልዎ። እኔ ናዳው ከወረደበት ተራራ ግርጌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ ባሌ ትቶልኝ በሄደው የጋዜጣ ቁልል ላይ ብቻዬን ስለሆነ፣ አጻጻፌ ጽሕፈት ቤትዎ የለመደውን ያህል ባያምር ይቅርታዎን እለምናለሁ። በአደባባይ መጻፌም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ቢሮዎ ስመላለስ ጸሐፊዎ “እማማ፣ ዘመድ ካልሆኑ ጉዳይዎን መቀበል አንችልም” ስላለችኝ፣ ዘመድ ላልሆነ ሰው የቀረው ቦታ አደባባይ ነው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ተራራው በዝናብ ተንዶ የላይኛውን መንደር በቀበረ ጊዜ ሁለት ልጆች ወደ ሰፈራችን ወረዱ። እህቲቱ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወንድሟ ሦስት የሞላው አይመስልም። የቀሚሷን መታጠቂያ ፈትታ የእሱን እጅ ከራሷ ወገብ ጋር አስራው ነበር የመጡት። እሷ ገና ከመድረሷ ሁላችንንም ማዘዝ ስለጀመረች ሰፈሩ እሜቴ አላት፤ እሱ ደግሞ ከኋላዋ ስለማይጠፋ ጭራ ተባለ። ያደሩት እኔ ቤት ይሁን እንጂ ያሳደራቸው ሰፈሩ ነው። ወፍጮ ቤቱ ዱቄት ሰጠ፤ ጎረቤቴ ነርስ ቁስላቸውን አጠበች፤ ፀጉር አስተካካዩም ጭራ ጣቱን ቢነክሰው “ይሄ ጭራ አይደለም፣ ጥርስ ነው!” እያለ በነፃ ላጨው። ልጁ እህቱ ቀድማ ካልቀመሰችለት አፉን እንደማይከፍት አንድ ቀን ሳይሞላን ስላወቅን፣ ለሁለቱ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ አደረግን።

አንድ ጥፋት ግን አጥፍተናል፤ እሱን እርስዎ ላይ አልለጥፍም። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን፣ ልጆቹን ስለዚያ ቀንና ስለ ቤታቸው ማንም እንዳይጠይቅ ተስማማን። ጥያቄ ቁስል መነካካት መሰለን። ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ ባወጣንላቸው ስም ጠራናቸው፤ ልጅቷም ማን ትባያለሽ ስትባል “እሜቴ” ማለት ለመደች። ስለዚህ ልጆቹ የሚታወቁበት አንድ ምልክት ብቻ ቀረ፤ እሱም እህትና ወንድም ሆነው አብረው መኖራቸው ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ልጆችን ለባለሙያ እንጂ ለጎረቤት መተው አይገባም ብሎ መኪና ስለ ላከልን አመሰግናለሁ። መኪኖቹም ሁለት ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ያሉት ወደ ላይኛው ቤት፣ ከዚያ በታች ያሉት ገበያው አጠገብ ወዳለው ወደ ታችኛው ቤት። እሜቴ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ጭራን እንደገና ከወገቧ ጋር አስራው ስለነበር፣ ሠራተኛዎ ከኪሱ መቀስ አውጥቶ መታጠቂያውን ቆረጠው። መቀስ ይዞ መምጣቱን እስካሁን አደንቃለሁ። ይህ ነገር በሌሎች በሮችም ባያጋጥመው ኖሮ መቀስ በኪሱ ምን ይሠራ ነበር? እኔ ደግሞ እንዳዘዘኝ ልብሳቸውን አጥፌ በሁለት ፌስታል ከፈልኩት። ድሮ የባሌ ወንድም ልጅ እናቷ ሞታባት ለሰው ቤት ሥራ ስትላክም ሻንጣዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ያኔም ዝም ብያለሁ። እሷ ወዴት እንደ ደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ለሽሮፑ አመሰግናለሁ። ጭራ ታችኛው ቤት ከገባ ወዲህ ምግብ ስለ ጠላ፣ ሐኪምዎ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ እንዳዘዘለት ወጥ ቤት የምትሠራው ሴትዮ በአጥሩ ሽንቁር ነግራኛለች። “ማንኪያውን ሳቀርብለት እኔን አያየኝም እኮ፣ በሩን ነው የሚያየው” አለችኝ። ቀምሳ የምታበላው መድኃኒት፣ እህቱ፣ ዳገቱ ላይ፣ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ በሌላኛው ቤትዎ ውስጥ እንዳለች ብነግራት፣ “ምን ላድርግ እትዬ፣ ዕድሜዋ አልፏል” አለችና ሽንቁሩን ትታ ሄደች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለሁለቱ ዘበኞችዎ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ግን ብዕሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንስቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የተቀደደ ኮቴን ይዤ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሰውዬው ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ስለሚሠራ ልጆቹን አይቷቸው አያውቅም። ወሬ ሲያመጣልኝ፣ በዋዜማው አንድ የሲሚንቶ ጫኝ መኪና ረዳት ጥቁር ሸሚዝ ሊያሰፋ መጥቶ እንደ ነበር ነገረኝ። በናዳው መንገዱ ተዘግቶበት ቆይቶ ወደ ላይኛው መንደር ሲደርስ ቤቱ የለም፤ ሚስቱ ከአፈር ሥር ወጥታ ተቀብራለች። ልጆቹ ግን እንዳልተገኙ ሲሰማ፣ የተረፉት እርስዎ ዘንድ ናቸው ተብሎ ወደ ሁለቱ ቤቶችዎ ሄደ። ስማቸውን ተናገረ፤ በዚያ ስም የሚጠራ አልነበረም። “እህትና ወንድም ናቸው፣ አይለያዩም” አለ። የታችኛው ቤት ዘበኛ “እህትና ወንድም የሚባል እዚህ የለም” አለው። የላይኛው ቤት ዘበኛም እንዲሁ አለው። እኔም በኋላ ሄጄ ሁለቱን ዘበኞች ጠይቄያለሁ፤ ሰውዬውን ያስታውሱታል፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። አንዲት ውሸት ሳይነገር አንድ አባት ልጆቹን ቀበረ።

ልብስ ሰፊው፣ መቼም ሰው ሲያዝን ጥቂት ማናገር ደግ ነው ብሎ ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ሰውዬውም “ልጅቷ ገበያ ስንወጣ ወንድሟ እንዳይጠፋባት በቀሚሷ መታጠቂያ ታስረው ነበር” አለውና፣ ሸሚዙ ተሰፍቶ እንዳለቀ ሳይለካው ለብሶት ወጣ። ይህን ስሰማ ኮቴን እዚያው ጥዬ ወደ ማቆሚያው ሮጥኩ፤ እንደ እኔ ያለች አሮጊት መሮጧ ሰው ያስቃል፣ ሳቁም። መኪናው ግን ሌሊቱን ወጥቷል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያው ቀጥዬ የመጣሁት ወደ እርስዎ ነው፤ የተባልኩትንም ከላይ ጽፌዋለሁ። ጸሐፊዎ “አባትየው ራሱ ያመልክት” ብላኛለች። እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ ነው! ልጆቼ ሞተዋል ብሎ ከል የለበሰ ሰው በሕይወት መኖራቸውን በማመልከቻ እንዲያስታውቅ መጠበቅ እንደ እኔ ባለች ሴት አእምሮ የሚመጣ አልነበረም።

ጊዜዎን እንዳልሻማ የምለምነው ትንሽ ነው። ልጆቹን ዛሬውኑ በአንድ በር ያስገቡልኝ፤ ወደ እኔ ቤት ካልሆነም እርስዎ ወደ ወደዱት ቤት፣ ብቻ አንድ በር ይሁን። ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችና ወደ መኪና ማረፊያዎች ስልክ ያስደውሉ፤ ስልኩ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፣ አይቼዋለሁ። ለሌሎቹም ልጆች ዕድሜያቸውን ከመቁጠር በፊት “ከማን ጋር መጣችሁ?” ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመድቡ። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን የሆነውን አይተናል። እስከዚያው ሰፈሩ በተራ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እየቆመ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ይጠይቃል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ የመጀመሪያውን ተራ ወስዷል። እርግጥ ነው፣ ማናችንም ባለሙያ አይደለንም።

ጤና፣ ዕድሜና ለሁለት የማይከፈል ቤት እየተመኘሁልዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የማንም ዘመድ ያልሆንኩት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምኖረው ሴት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በላይኛው ቤት በር ላይ “ማንም ሕፃን ብቻውን አይቀርም” የሚል ትልቅ ሰሌዳ አሰቅለዋል፤ ፊደሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ እኔም እንኳ ያለ መነጽር አነበብኩት። እዚያ ላሉት ልጆች የንባብ ትምህርት ሊጀመር መሆኑንም ሰምቻለሁ። ለእርስዎው አስቤ ልምከርዎ፤ ወይ ትምህርቱን ያዘግዩት፣ ወይ ሰሌዳውን ያስወርዱት፤ እሜቴ ነገር ቶሎ ነው የሚገባት።