ዝናብ ያጠባቸው ሰባ አንድ ውርወራዎች

ለክቡር አቶ ጌይለን ፕሩስ
የሰባት ሐይቆች ቤዝቦል ሊግ ፕሬዚዳንት፣ የብራንት ሌክ ቡድን አሰልጣኝ፣ የዘንድሮው ዋንጫ ባለቤት
ብራንት ሌክ፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ አርዲስም፣ ከዋንጫው ጎን ተቀምጣ ፎቶ የተነሣችው ውሻዎም ሳትቀር በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ቀኝ ክንድዎ ደህና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ሰው ቀኝ ክንዱ ደህና ከሆነ ዋንጫ ያነሣል፣ የወዳጁን እጅ ይጨብጣል፣ ላምም ያልባል። እኛ በሴንት ኦዶ የምንገኘው ከአንድ ክርን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። አስቀድሜ አራት ጊዜ ስልክ ደውዬ ነበር፤ አራቱንም ጊዜ ወይዘሮ አርዲስ "ውይ ማርሊስ፣ ጌይለን ትንሽ ጋደም ብሏል፣ ውድድሩ እኮ አድክሞታል" ብለውኛል። ዕረፍት ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱ እርስዎ ስለሆኑ ልቀሰቅስዎ አልደፈርኩም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ማርሊስ ኦፓትዝ እባላለሁ። የሴንት ኦዶን ቡድን ጨዋታ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስመዘግብ ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የውድድሩ ዋና መዝጋቢ ሆኜ ተሹሜአለሁ፤ ለሹመቱም እስካሁን ሳላመሰግንዎ መቅረቴ ያሳፍረኛል። አቤት የምልለት ኮርት ደግሞ የሟቹ ባለቤቴ የኤልሮይ የወንድም ልጅ ነው። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ እኛ ቤት አድጎ አሁን ሃያ ስድስት ሞልቶታል። ጠዋትና ማታ ሃምሳ ስምንት ላሞች ያልባል፣ በበጋ ደግሞ የቡድናችንን ጨዋታ የሚጀምረው ኳስ ወርዋሪ እሱ ነው። ነበር ልበል እንጂ።

ክቡርነትዎ የሊጋችንን የዕረፍት ደንብ ማን እንደጻፈው ዘንግተውት ከሆነ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይዘነጋልና እኔ ላስታውስዎ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እርስዎና ኤልሮይ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ትሪ የሩባርብ ኬክ ጨርሳችሁ፣ በእጃችሁ ጻፋችሁት። በአንድ ጨዋታ ከስልሳ ጊዜ በላይ የወረወረ ሦስት ቀን፣ ከዘጠና በላይ የወረወረ ደግሞ ሙሉ አራት ቀን ሳያርፍ ኳስ አይያዝ ይላል። ያን ዕለት እጅጌዎን ሰብስበው ክርንዎ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩን፤ የያኔው አሰልጣኝዎ በየሁለት ቀኑ እያስወረወረ በሃያ ሦስት ዓመትዎ ክንድዎን እንደጨረሰብዎ ነገሩን። "ይሄ ነገር በማንም ልጅ ላይ አይድረስ" ሲሉ ዓይንዎ እንባ ሞላ፤ እኔም ሞኟ አብሬ አለቀስኩ። ያንን እንባ አምኜ ነው ልጄን የሰጠሁዎ።

እንግዲህ ትዕግሥትዎን ለምኜ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውሰቱ። በሊጋችን ልማድ ተሸንፎ የወጣ ከተማ ወርዋሪውን ወደፊት ለሚቀጥለው ጎረቤቱ ያውሳል፤ ማንም ይህን ልማድ ነውር ብሎት አያውቅም። እርስዎም ከዓርቡ ጨዋታ በፊት በነበረው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ላይ ኮፍያዎን አውልቀው ቆሙና ኮርትን ለመኑኝ። "ሙቺ እልሻለሁ ማርሊስ፣ እንደ ገዛ ልጄ ነው የምይዘው። አራት ቀኑን ሳይጨርስ ኳስ እጁ አይገባም" አሉኝ። የማሉት በእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ በሕይወት መቆየቴ ራሱ ይገርመኛል። የሰው መኪና የተዋሰ ሰው እንኳ ጭቃውን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ ይመልሳል፤ እርስዎም በበኩልዎ ኮርትን ክንዱን በጨርቅ አንግበው፣ በጥሩ ሁኔታ ጠቅልለው መልሰውልኛልና ስለ ማሸጊያው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ እሁዱ ማሟሟቂያ። ኮርት ዓርብ ዕለት መቶ አራት ጊዜ ወረወረላችሁ፤ አሸነፋችሁ፤ እሰየው። ደንብዎ እስከ ማክሰኞ ማታ ይረፍ ይላል። እርስዎ ግን በማግስቱ እሁድ በነበረው ጨዋታ፣ ዕረፍቱ ገና በሁለተኛው ቀኑ ላይ ሳለ፣ ከወንበር ሦስት ጊዜ አስነሥተው ከአጥሩ ጥግ ባለ በሌለ ኃይሉ አስወረወሩት። ሜዳ እንደማያስገቡት ያውቁ ነበር፤ ዓላማው የባላጋራ መቺዎች አይተውት እንዲደነግጡ ነበር። ጠረጴዛዬን ትቼ መጥቼ ብለምንዎ "አንቺ ደግሞ! እንዲያዩት ብቻ እኮ ነው። ማሟሟቂያ መቼ ይቆጠራል?" አሉኝ፤ ተጫዋቾችዎም ሳቁብኝ። ኮርት ራሱ አፍሮ "ተይ አክስቴ፣ አታሳፍሪኝ" አለኝ። እኔ ግን የቆጠራ ነገር ሲሆን አያስችለኝምና ቆጥሬው ነበር፤ ሃምሳ አምስት ነው። አጥር ጥግ የተወረወረ ኳስ ክንድ እንደማያደክም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ዝናቡ። ይህን ቅሬታ ከሌሎቹ ባስረዝመው ይቅር ይበሉኝ፤ እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚያርረው።

ረቡዕ ዕለት ኮርት የዋንጫውን ጨዋታ ጀመረ። ከዘጠኙ ዙር አራተኛው እንዳለቀ ሰማዩ ጠቆረ፣ መብረቁ ከሐይቁ ማዶ መጣ፣ ሜዳውም ኩሬ ሆነ። አምስት ዙር ያልሞላ ጨዋታ በሊጋችን እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ የመዝገቡ ገጽ ይሰረዛል፣ በማግስቱም ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። እስከዚህ ድረስ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ዝናቡን እርስዎ አላመጡትም። ነገር ግን ሐሙስ ጠዋት እንደገና ኮርትን ሊያስጀምሩት ስም ዝርዝር ሲያስገቡ፣ የባላጋራችሁ አሰልጣኝ "ኸረ ልጁ ትናንት ሰባ አንድ ወርውሯል፣ ዛሬ እንዴት ይጀምራል?" ብሎ አቤት አለ። አቤቱታ የሚሰማው ማን ነው? የሊጉ ፕሬዚዳንት ነው። ፕሬዚዳንቱስ ማን ነው? የብራንት ሌክ አሰልጣኝ ነው። ፕሬዚዳንቱና አሰልጣኙ በአንድ ኮፍያ ሥር ሆነው በሰፊው ከተመካከሩ በኋላ ያለ አንዳች የሐሳብ ልዩነት ወሰኑ፤ ጨዋታው ካልተደረገ ውርወራውም አልተደረገም፣ ውርወራው ካልተደረገ ደግሞ ልጁ ከዓርብ ወዲህ አምስት ቀን አርፏል። "ደንብ ደንብ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?" ብለው ትከሻዎን ሰበቁ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ደንብ የተጻፈው ለክንድ ነበር። ወረቀት ክርን የለውም። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው በሰባቱም ሐይቆች ዙሪያ የለም፤ ባያውቁት ኖሮ እንዲህ አልናደድም ነበር፤ አላወቀም ብዬ እተወው ነበር። ጠባሳዎን ተሸክመው፣ ኤልሮይ ከመቃብር ተነሥቶ እንደማይሞግትዎ እያወቁ፣ የእሱን ደንብ በእሱ ልጅ ላይ አዞሩት። ኧረ እንዴት አስቻለዎ?

ከዚያም ቅጹን ሰጡኝ። "ከዓርብ ወዲህ የወረወረው ብዛት፦ ዜሮ" ይላል። ሰባ አንዱን በገዛ እጄ፣ አንድ በአንድ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ቅጹን የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ጌይለን ካለ ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። ለዚህ ስሕተቴ የማመሰግነው ሌላ ሰው የለኝም።

አራተኛ፤ ሐሙስ። በሰባተኛው ዙር፣ በሰማንያ ስምንተኛው ውርወራ ላይ፣ ኳሷ መቺው ጋ ሳትደርስ መሬት ወደቀች፤ ኮርትም ክርኑን ይዞ ተንበረከከ። እርስዎ እየሮጡ ሲመጡ ፊትዎ አመድ መስሎ እንደነበር አልክድም። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ምን እንዳለዎ ለአንባቢዎች ልንገር፤ "ይቅርታ ጋሼ ጌይለን፣ ሳልጨርስልዎ ቀረሁ" ነው ያለዎ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው! ከዚያ ሌላ ወርዋሪ አስገብተው ሦስት ለሁለት አሸነፉ፤ ማታ በሬዲዮ ስለ "በቂ ዕረፍት ያገኘ ክንድ ጥቅም" የሰጡትን ማብራሪያም ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ተከታትዬዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ጃኬቱ። የአሸናፊዎቹን ጃኬት ለኮርት ስለላኩለት ከልብ እናመሰግናለን፤ ቀለሙ ያምራል። ቀኝ እጅጌው ስለማይገባለት በር ኋላ ሚስማር ላይ ሰቅለነዋል።

ሐኪሙ እንደነገረን ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፣ ዓመት ሙሉ ኳስ አይነካም፣ እስከ ገና ድረስም ከብርጭቆ የከበደ ነገር በቀኙ አያነሣም። ላሞቹ ግን የሐኪሙን ትእዛዝ አልሰሙም፤ በቀን ሁለት ጊዜ መታለብ ይፈልጋሉ፣ ለእነሱ በዝናብ የሚሰረዝ ቀን የለም። እስካሁን ጎረቤቶቻችን ተራ ገብተው እያለቡለት ነው። መከር ሲደርስ ግን ሁሉም ወደ ማሳው ይሄዳል፤ ያኔ ተራው ከተጓደለ ከብቶቹ ጨረታ ይወጣሉ። ኮርት ከልጅነቱ ጀምሮ በስም የሚጠራቸውን ላሞች የጭነት መኪና ሲወስዳቸው በአንድ እጁ አጥር ተደግፎ ሊያይ ነው። ኳሱስ ይቅር፣ ኳስ ጨዋታ ነው። እኔን የሚበላኝ ይሄ ነው።

በመሆኑም ክቡርነትዎን ሦስት ነገር ብቻ እለምናለሁ። በመጪው ሰኞ የሊጉ ስብሰባ ላይ ከፕሬዚዳንትነቱና ከአሰልጣኝነቱ የሚሻልዎትን አንዱን መርጠው ሌላውን እንዲለቁ፤ ደንቡም ከእጅ የወጣ ኳስ ሁሉ፣ አጥር ጥግም ይሁን በዝናብ፣ ይቆጠራል ተብሎ እንዲታረም። ሌላው፣ የማለቢያው ተራ ዝርዝር በረቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ የማክሰኞ ንጋት ክፍት ነው። ክንድዎ በደንብ ያረፈ ስለሆነ ሃምሳ ስምንት ላሞች ማለብ የሚያቅትዎት አይመስለኝም። ቦት ጫማ ከሌለዎት የኤልሮይ አለ፤ ልክዎ ነው።

የክቡርነትዎን ውድ የዕረፍት ሰዓት በዚህ ረጅም ደብዳቤ በመሻማቴ ደግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዋንጫዎ አቧራ እንዳይነካው፣ ሕሊናዎም እንቅልፍ እንዳይነሣዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሰው አማኟ፣ የቀድሞ ወዳጅዎ፣ ከዛሬ ጀምሮም የቀድሞ መዝጋቢዎ
ማርሊስ ኦፓትዝ
ሴንት ኦዶ

ሳልጠቅሰው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ ጥፋቱን የእርስዎ ብቻ እንዳያደርገው እዚህ ላይ እጨምረዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኮርት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ጎንበስ አለና "አክስቴ፣ ክርኔን ከትናንት ጀምሮ እየጠዘጠዘኝ ነው። ጋሼ ጌይለን አርፈሃል ይለኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ። እኔም እርስዎ የሰጡኝን ወረቀት አሳየሁትና "ዜሮ ነው የሚለው የኔ ጌታ፣ ሂድ ወርውር" አልኩት። ትናንት ከፊቱ ተቀምጬ፣ አልቅሼ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ተይው አክስቴ" አለኝና በግራ እጁ ማንኪያውን አነሣ። አሁን የቀሩት እርስዎ ነዎት።