ስለ እኔ የሞላሽው ገጽ

ውድ ዘሚራ፣

ማክሰኞ ሞጣ መናኸሪያ ስንገናኝ አቅፈሽ ስመሽኝ «ከሳሽ እኮ! ቢቸና እህል የለም እንዴ?» አልሽኝ። እኔ ግን ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ መክሳቴንም፣ ከሳሽ መሆኔንም። የቅኔ አገር ልጅ ነኝና ወርቁን ስፈልግ ሰነበትሁ። አውቀሽ ይሆን?

ካላወቅሽ ከእኔ ስሚው።

ማስተርሳችንን ልንጨርስ ሦስት ወር ሲቀረን ያስሞሉንን ራስን መመዘኛ ቅጽ ታስታውሻለሽ። ምን እንደምንወድ፣ ምን እንደምንችል፣ የትኛው ሥራ እንደሚስማማን ይጠይቃል። የመጨረሻውን ገጽ የሚሞላው የሚያውቀን ሰው ስለነበር እኔ ያንቺን፣ አንቺ የእኔን ሞላን። «ቤተ ሙከራ ውስጥ ትደበዝዛለች፤ ገበሬ ስታነጋግር ግን ሌላ ሰው ናት» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ የረዳት ተመራማሪ ቦታ ወጣ። የምንታሰበው ሁለታችን ነበርን። «ለምን እንዲህ ጻፈች?» ማለት ጀመርሁ። ከዚያ የትምህርት ክፍላችንን ኃላፊ ዶክተር ይታያልን፣ ቅጹ በሚሰበሰብበት ቢሮ በር ላይ ስታነጋግሪያቸው አየሁሽ። በቃ፣ ገጼን አሳየቻቸው ብዬ ደመደምሁ።

በማግስቱ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። «ዘሚራ እኮ ምርምሩን አትፈልገውም» አልኋቸው። «የአባቷን ሱቅ ልትይዝ ነው። ብትቀጥሯትም በስድስት ወር ጥላ ትሄዳለች።»

«ራሷ ነገረችሽ?»

«አብረን አይደል የምንኖረው!»

ቦታው ለእኔም አልሆነ፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ወሰደው። አንቺም ሞጣ ገብተሽ አባትሽ ሱቅ ጨርቅ መሸጥ ያዝሽ። ውሸቴን እውነት አደረግሁብሽ።

ጥቅምት ላይ የትምህርት ማስረጃዬን ላወጣ ስሄድ፣ ቅጹን ይሰበስቡ የነበሩትን አቶ አስናቀውን አገኘኋቸው። «ይህን ማን ያየዋል?» አልኋቸው።

«ከባለቤቱ በቀር ማን ሊያየው!» ብለው የእኔን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ።

ቆሜ አነበብሁት። ለቤተ ሙከራ ሥራ በገዛ እጄ ከአምስት ሁለት ሰጥቻለሁ፤ ከገበሬ ጋር ለመሥራት ደግሞ አምስት። አንቺ የጻፍሽው እኔው የመለስሁትን ነው። አሁን ወረዳ ግብርና ነኝ። ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ ከገበሬ ጋር ስከራከር ውዬ ስገባ ድካሙ አይታወቀኝም። አንቺ አውቀሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁሽ።

ማክሰኞ ልንለያይ ስንል ስለዚያ ቅጽ ያነሳሁት ልናገር ብዬ ነበር። አንቺ ግን «እኔ እውነቱን ነው የጻፍሁልሽ፤ አንቺስ?» አልሽ። «እኔም» ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። የጻፍሁት እውነት ነበር፤ የዋሸሁት በአፌ ነው። ዓይንሽን ግን ማየት አልቻልሁም።

ያን የረዳት ተመራማሪ ቦታ የወሰደው ሰው ለቆ፣ ቦታው እንደገና ወጥቷል። ትናንት ለዶክተር ይታያል ደውዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። «ዘሚራ ታመልክት፤ አንቺ ግን ሁለተኛ ስለ ሰው እንዳትነግሪኝ» ብለው ዘጉት። ማመልከቻው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

አመልክቺ፣ እባክሽ። ይህንንም የምትጽፈው ለራሷ ብላ ነው ብለሽ ብትጠረጥሪ አልቀየምሽም። እኔ ያለ ምክንያት ጠረጠርሁሽ፤ አንቺ ግን ምክንያት አለሽ።

ማስተዋል
ከቢቸና