የእናቴ ባል

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ከቀኑ 9 ሰዓት

ኮስት አካውንቲንግ፣ ምዕራፍ ስድስት። ገና ሦስት ምዕራፍ ይቀራል። ፈተናው ሰኞ ጠዋት ነው። ጭንቅላቴ ከዚህ በላይ አልቀበልም ስላለ ወደ አንተ መጣሁ፣ ደብተሬ። ብዙ አትኩራ፣ ሌላ የሚሰማኝ ጠፍቶ ነው።

ጋሼ አጠገቤ አልጋው ላይ ነው። ስትሮኩ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ንግግሩ ይጎተታል። ሌላ ሰው አይገባውም፣ እኔና እማ ግን እንሰማዋለን። በየመሀሉ የት ደረስሽ ይለኛል። ኦቨርሄድ ላይ እለዋለሁ። ጎበዝ ይላል። ዕድሜውን ግማሹን ብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ግማሹን ባጃጅ ላይ ያሳለፈ ሰው ስለ ኦቨርሄድ ምን ገዶት። ግን ደስ ይለዋል። እኔም ያልገባኝን ሁሉ የገባኝ አስመስዬ አስረዳዋለሁ።

እማ እያጠናሽ ነው ወይስ እያጫወትሽው ብላ ተቆጣች። ሁለቱንም።

ለምን እንደምጨነቅ ታውቃለህ። ባለፈው ሴሚስተር ጋሼ ሆስፒታል ተኝቶ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ክፍል ቀረሁ፣ ውጤቴ ወረደ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። አሁን አንድ ኤፍ ከመጣ ተባራሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ መባረር። ይህን የሚያውቁት እማ፣ የክፍሌ ልጅ ሩት እና አንተ ናችሁ። ለጋሼ ማን ይነግረዋል።

እሱ የሚያውቀው ልጁ ቢዝነስ እንደምትማር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ማለፊያው ላይ ሳይደርስ ሲቀር በሬን ቆልፌ ተኛሁ። ዱካ አምጥቶ በሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር። ሥራም አልሄደ። ሪሚዲያል የሚባል ነገር አለ፣ ጠይቄ መጣሁ፣ ጥቂት ወር ተምረሽ ካለፍሽ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡሻል እያለ በቀዳዳ ሲነዘንዘኝ ዋለ። ሰልችቶኝ ከፈትኩለት። ሪሚዲያሉን ያለፍኩ ቀን አቃቂ ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሰማ። ልጄ ቢዝነስ ገባች። የት ዲፓርትመንት እንደምመደብ እንኳ ገና አላወቅኩም ነበር።

የት ደረስሽ አለኝ አሁንም። ልመለስ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ጋሼ ሞተ።

ትናንት፣ ሊነጋጋ ሲል። ሁለተኛ ስትሮክ ነው አሉ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ባጃጅ ነጂዎቹ መብራታቸውን አብርተው በሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሸኙት።

ፈተናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ገመዱን ማን እንደሰጠኝም አላውቅ። ፈተና የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለኝ ሩት ተፈትና ወጥታ ስትደውል ነው። የት ነሽ አለችኝ፣ ነገርኳት፣ ስልኩ ላይ አለቀሰች። እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ሰውም እያየኝ ነው። ይህቺ ምን ሆነች እያሉ።

መጻፍ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሠልስት። ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። የእማ ድምፅ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ዛሬ አለቀስኩ። ለቀስተኞች ግቢ ውስጥ የቆመችው ባጃጅ ላይ ነጠላና ጃኬት ከምረውባታል። እሱ ሰው በእጁ እንኳ ሲደገፍባት አይወድም ነበር። ሄጄ አንድ በአንድ አነሳሁ። አንስቼ ስጨርስ እንባዬ ተለቀቀልኝ። ሴቶቹ ይዘውኝ እዬዬ አሉ፣ እኔም አልኩ።

አባቴ መጥቶ ነበር። የወለደኝ ማለቴ ነው፣ ደሳለኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ከዚህ አንድ ታክሲ ነው። አንድ ታክሲ ሆኖ ስንት ዓመት ሳላየው ኖርኩ። ድንኳን ገባ፣ ጥግ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ዘገነ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወጣ። ክፉ አልተናገረም። አንዷ ጎረቤት ግን ጆሮዬ ላይ መጥታ አባትሽ መጣ እኮ አለችኝ። ልሰድባት ምንም አልቀረኝ። አባቴንማ ከትናንት ወዲያ ቀበርነው።

ሩት ከክፍል ልጆች ጋር መጥታ ነበር። ስለ ፈተናው አታስቢ አለችኝ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ማስረጃ ካመጣ ያመለጠውን ፈተና ሜካፕ ብለው ሌላ ቀን ይፈትኑታል፣ ደንቡ ላይ አለ። ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የቅርብ ቤተሰብ ሞት ይላል። ትንሽ ተነፈስኩ። እድሩም ወረቀት ጻፈልኝ። ነገ ታክስ ፈተና አለኝ፣ ከዚያ ሬጅስትራር እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ታክስ ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ እግዜር ይወቀው።

ሬጅስትራር ቢሮ ወ/ሮ ሰናይት የሚባሉ ሴት አሉ። ሰው ናቸው፣ አልዋሽም። ጥቁር ልብሴን አይተው ከሰልፉ አወጡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ። የእድሩን ወረቀት አነበቡ። መታወቂያሽን አሉኝ። መታወቂያዬ ማህሌት ደሳለኝ ይላል። ወረቀቱ ሟች አቶ በቀለ ይላል። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ መታወቂያውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ምንሽ ናቸው?

የእናቴ ባል አልኩ።

አፌን በቆረጠው። ምን ልበል ነበር ታዲያ? የእንጀራ አባቴ? ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ማንም ብሎት አያውቅም። አባቴ ብልማ ስሙ ፊታቸው ተቀምጧል። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገኝን፣ ዝናብ ሲሆን ባጃጁን ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አስጠግቶ የሚጠብቀኝን ሰው የእናቴ ባል አልኩት። ገና ሠልስቱ በወጣ ማግስት።

ደንቡን አነበቡልኝ። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ። በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ያሳደገ ከሆነ እንደ አባት ይቆጠራል። ወረቀት አለሽ? የለኝም። እንግዲህ በደንቡ ሌላ ሰው ናቸው አሉኝ፣ እያዘኑ። ቂም የለኝም፣ እሳቸው አልጻፉትም። ግን ሌላ ሰው የሚለው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ማስረጃ እስከ ሰኞ ካላስገባሁ ያመለጠኝ ፈተና ኤፍ ይሆናል። ኤፍ ከሆነ ያው እንደምታውቀው። ከዓመት በኋላ እንደገና ተቀበሉኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ ቦታ ካለ። ካለ።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ቀን አንቺ ራስሽ ታመሽ አልነበረም ወይ አሉኝ። የክሊኒክ ወረቀት የሚያመጣው ብዙ ነው፣ ማንም አያጣራውም፣ ልጄ ነሽና ነው የምነግርሽ። ብቻ ሜካፑን የሚፈቅዱት ዲኑ ናቸው፣ እንዲህ ጥቁር ለብሰሽ እሳቸው ጋ እንዳትገቢ፣ ከፊርማው በፊት ጥያቄው ይበዛል።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሩት ሌላ መላ አመጣች። ደሳለኝን እንግደለው። ማለት በወረቀት። የወለደኝ አባቴ ሞተ ብሎ ማስረጃ ማውጣት። ያ የጠገበ ሰውዬ ከትናንት ወዲያ እዚህ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲበላ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል አልኳት። ሳቅን። ሐዘን ቤት ውስጥ፣ ትራስ አፋችን ላይ ይዘን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሷ ገና እየሳቀች ነበር።

ማታ ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ጉዲፈቻ ወረቀት ለምን አላወጣችሁም ብዬ ጮህኩባት። አሁን፣ በዚህ ሁኔታዋ ላይ። አላፈርኩም።

በዚያ በተዘጋ ድምፅ ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ስትል ለጋሼ በስምህ እናድርጋት ብላው ነበር። እሷ ለምናው፣ እምቢ ያለው እሱ ነው። ልጅቷ አባት አላት፣ በሕይወት ያለ ሰው ከልጁ ላይ አይፋቅም፣ ነገ አድጋ አባቴን ለምን ወሰድክብኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ አላት። ለደሳለኝ አዝኖ። ላልጠየቀን፣ ላላሰበን ሰው ክብር ብሎ። እንዲህ ነበር ጋሼ፣ ለሰው ሲያስብ ራሱን ይረሳል። አሁን ተናደድኩበት። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ይቻላል ወይ? እኔ ተናድጃለሁ።

እማ ክሊኒክ ሂጂ አለችኝ። አልሄድም አልኩ። አንድ ጊዜ የእናቴ ባል ብዬዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ማንም አልሞተብኝም ልበል? እኔ የቀረሁት ታምሜ አይደለም፣ እሱን ልቀብር ነው። እሱን ቀብሬ ነው።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። ወይ እንደተኛች አስመሰለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሄድኩ።

ጠዋት እማ ቁርስ አቀረበች፣ ተቀምጣ አየችኝ። ባጃጇ ምን ልትሆን ነው ብዬ ጠየቅኳት፣ እንዲያው ሌላ ወሬ ለማንሳት። ትሸጣለች አለች፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር ወጪሽ። ተነስቼ ሄድኩ።

ክሊኒኩ አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ በላይ ነው። ሩት የነገረችኝ። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፣ ተማሪ ነሽ አይደል አለኝ ገና ስገባ። ታይፎይድ ይሁን ታይፈስ? ማኪያቶ ነው ሻይ እንደሚል አስተናጋጅ። የፈለግከውን አልኩት። ከዚያ ፊቴን አየና ክንድሽን አምጪ አለኝ፣ ግፊቴን ለካ። ደግሞ ለካ። ከበላሽ ስንት ቀንሽ ነው? እንቅልፍስ? አላውቅም አልኩ። ማን ሞቶብሽ ነው አለኝ።

አባቴ አልኩ።

ወጣልኝ። ወረቀት የማይጠይቅ ሰው ፊት ወጣልኝ።

እንዳትጨነቂ፣ ባትዋሺም ታመሻል አለኝ። ግን እውነቱን ብጽፍ፣ በሐዘን ምክንያት ምግብ ትታ ግፊቷ ወርዷል ብል፣ አይቀበሉሽም። ስለዚህ ታይፎይድ ጻፈ። ማኅተም መታ። ቤት ሄደሽ ብይ አለኝ፣ ይሄ መድኃኒቱ ነው።

እሑድ፣ ጥር 24። ከሰዓት

ድንኳኑ ተነሳ። ግቢው ባዶ ሲሆን ጭራሽ ባሰ። ሰው ሲበዛ ሂዱልኝ እል ነበር፣ አሁን የቀረውን ወንበር ሊወስዱ የመጡትን ተቀመጡ ብዬ ያዝኳቸው።

እማ ቢጫ ሸሚዜን እየተኮሰች ነው። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ለብሳ ቢጫ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ተይው እኔ እተኩሰዋለሁ አልኳት፣ አልሰጠችኝም። አርባው ሳይወጣ ከለር ልልበስ ነው? ሰው ቢያየኝስ? ሰውን እኔ እመልሰዋለሁ አለች። ሸሚዙን ወንበር ላይ አንጠልጥላ ወጣች፣ ውጪ ስታለቅስ ሰማኋት።

እኔ አሁን ሸሚዙን እያየሁት ነው። ባልለብሰው ደስ ይለኛል። ብባረር ግን እሱ ደጄ ላይ ዱካ ይዞ የዋለው ለምን ነበር? እለብሰዋለሁ። ወሰንኩ። ደግሞ እንዳትቀይሪ በለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 25። ከቀኑ 6 ሰዓት

ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ካፌው ጀርባ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ጠዋት ጎረቤት እንዳያየኝ ነጠላ ደርቤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ አወለቅኩት። ረዳቱ ዛሬ አምሮብሻል አለኝ፣ ሁልጊዜ የሚለክፈኝ ልጅ ነው። ሒሳቤን ሰጠሁት።

ወ/ሮ ሰናይት ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ሸሚዜን አዩ፣ ዓይናቸውን ቶሎ ሰበሩ። ራሳቸው እስከ ዲኑ በር አደረሱኝ።

ዲኑ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ። ቁጭ በይ አሉኝ። አነበቡ። ታይፎይድ፣ አሉ፣ እኔንም ዓምና አሠቃይቶኛል፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። እሺ አልኩ። አሁንስ ተሻለሽ? ተሻለኝ። ፈረሙ። ሜካፑ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት፣ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር። የነሱስ እውነት ምን ይሆን።

ተነስቼ አመሰገንኩ። በሩን ልከፍት ስል፣ እንደ ወጉ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የላቸውም፣ እናት አባት ደኅና ናቸው ወይ አሉኝ።

ደኅና ናቸው አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ፣ ደኅና ናቸው አልኩ።