መኪናህ ገባ፣ አንተ ጅቡቲ ቀረህ

ለልጄ አባት፣ ለኑሩዬ፤

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ወይስ አላህ ይዘንልህ ብዬ? ሁለቱንም ብያለሁ፤ የፈለግኸውን አንሳ። ከቤት ከወጣህ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ጣና ሞልቷል፣ እንቦጩም እንደ ልማዱ ዳር ዳሩን ይዟል። ልጃችን ሐያት ኮሌጅ ልትጨርስ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ላንተ ግን አልዋሽህም፤ ተናድጃለሁ። ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲያወራ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል። እኔን አድርጎኛል። ባሌ መኪና ሊያመጣ ሄዶ ቀረ፣ የተቀበረበትን እንኳ አላየሁም፤ እኔ ካልወቀስሁ ማን ይውቀስ?

መኪናህ ግቢ ውስጥ ነው። በርበሬ የማሰጣበትን ቦታ ይዞ፣ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ቀይ ነው፣ ልክ እንደዚያ ፎቶ። ከመጽሔት ቆርጠህ መለዋወጫ ሱቅህ ውስጥ፣ ከፍሬን ሸራው መደርደሪያ በላይ የለጠፍኸው ፎቶ። የጣልያን ሥሪት ነው፣ ለውድድር የተሠራ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው እያልህ ለደንበኛው ሁሉ ስታስረዳ፣ ለባጃጁ ካንዴላ ሊገዛ የመጣው ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማህ ነበር። እኔ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ወንበር ያለው መኪና ሦስት ሰው ለሚኖርበት ቤት ምን ያደርግለታል አልሁህ። ሳቅህብኝ። አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንቺ፣ ሐያት እንደሆነች ታገባለች አልኸኝ። በሐሙሲት አድርገን ወረታ፣ እናቴ ደጃፍ ድረስ እየነዳህ ልትወስደኝ ቃል ገባህልኝ።

እኔም አመንሁህ። ምን ላድርግ፣ ሲወስደኝ የኖረ ሰው ነህ። ሱቁን ሳትከፍት በፊት ብስክሌት ስታከራይ፣ ከኋላ ኮርቻው ላይ አስቀምጠኸኝ በባሕሩ ዳር እንሄድ አልነበር? አንድ ቀን ሻርፔ በሰንሰለቱ ተያዘና ልንወድቅ ስንል አቆምህ። በፒንሳ ለማስለቀቅ ስትታገል ይባስ ቀደድኸው። በነጋታው አዲስ ገዝተህ መጣህ፤ ቀለሙ አስቀያሚ ነበር፣ ግን ለብሼዋለሁ። ያኔ ለመሄድ ጅቡቲ ድረስ መውረድ አላስፈለገንም።

መኪናው ዱባይ ተገኘ አልህ። ያጠራቀምነው ሁሉ ወጣ፤ መርከብ ላይ ተጫነ ተባለ። ከዚያ የቤንዚን መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ከክልከላው በፊት የገዛሁት ነው ብለህ ለማስረዳት ደጅ ያልጠናህበት ቢሮ የለም። መኪናው ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው፣ አንተ እዚህ እንቅልፍ አጣህ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን፣ ይቅርብን፣ እዚያው ይሸጥ ብዬ ለመንሁህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ደግሞ ወረቀቱንም ይዘህ ነበር። በመጨረሻ ይግባ ሲባል ጅቡቲ የሚነድድበት ወር ነው። ሐኪሙ ግፊትህን ለክቶ ቆላ እንዳትወርድ ሲልህ አጠገብህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ወንድምህ ሰይድ ብቻውን ሄዶ ያምጣው አልሁ። እሱ ያስጭረዋል ብለህ አብረኸው ወረድህ። ወይ ጉድ! ስለ ቀለም መጫር ታስባለህ፣ ስለ ልብህ አታስብም።

ስልኩ ሲደወል ለዙሁር ሰላት ውዱእ እያደረግሁ ነበር። ሰይድ ነው። ወደቡ በር ላይ ተራ ስትጠብቁ ወደቅህ፣ አልተነሳህም። እኔ አምጡልኝ ነው ያልሁት። አምጡልኝ ብቻ። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ጀናዛ መቆየት የለበትም፣ ድንበሩና ወረቀቱ ስንት ቀን ይፈጃል አለኝ። ለአስር ሰላት ሳይደርስ ተቀበረ ተባልሁ። ሃይማኖታችን ነው፣ አልቃወምም። ግን አስከሬን አይችለውም በተባለው መንገድ መኪናህ በጭነት መኪና ላይ ተንፈላስሶ መጣበት። በወረታ ሲያልፍ እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችው። ሁለቱም ወንበር ባዶ ነው አለችኝ በስልክ።

ግቢያችን ሲገባ ዒዳ ላይ ነበርሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ወጣ ገባ ሳትል ቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜ ስለሆነ፣ ያየሁት መጋረጃ ገልጬ ነው። ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ልጆቹ ጮሁ። አንዲት ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ሰይድ መንገድ እየከፈተ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ አስገባው። ላንተ እንዲያ የተጠነቀቀልህ ሰው ነበር ወይ እያልሁ መጋረጃውን መለስሁት።

እና ምን ሠራ መኪናህ? አንድ ቀን ሰይድ ይዞት ወጥቶ ነበር። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ከባጃጆች መሐል ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። ሲመለስ መንገድ ላይ ያለው ጉብታ ላይ ሆዱ ተቀመጠና፣ ጎረምሶች ተሸክመው አወረዱት። ከከተማ መውጣትማ አይታሰብም፣ መንገዱ እንደምታውቀው ነው። አሁን የሚመጡበት ሙሽሮች ናቸው፤ ሸራውን ገልጠን ፎቶ እንነሳ ይላሉ። ሙሽራዋ ልትቀመጥ ስትል ቬሎዋ አላስገባ ይላታል።

ከአዲስ አበባ የሚገዛ ሰው ተገኝቶ ነበር። ሰይድ የወንድሜ መታሰቢያ አይሸጥም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ እሱም ወራሽ ነውና ቃሉ ይሰማል። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው አሉኝ። ልክ ነው፣ የአላህ ሕግ ነው። ግን የዚህ መኪና ስምንተኛው የቱ ነው? መሪው ነው? አንደኛው በር ነው? ወንበሩን ስጡኝ አልሁ፣ ቃል የተገባልኝን። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ለነገሩ መኪናውን ፈልጌ አይደለም። ዒዳዬ ካለቀ ጀምሮ ሰይድን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መቃብሩን አሳየኝ እለዋለሁ። ዛሬ ሙቀት ነው፣ ነገ መንገድ ተዘጋ፣ ከነገ ወዲያ ሥራ በዛብኝ። አንድም ቀን አይሆንም አላለኝም፤ አንድም ቀን ግን አልተነሳም።

ባለፈው ጁምዓ መኪናውን እያጠበ መጣሁበት። እኔም ሐያትም ፓስፖርት አውጥተናል አልሁት። አንተ ባትመጣም ግድ የለም፣ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ንገረን፤ ዛፍ አለው? ግንብ አለው? ማን ጎን ነው የተኛው? ጨርቁን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አላውቅም አለኝ።

አልቀበረህም፣ ኑሩ። የገዛ ወንድምህ ቀብርህ ላይ አልነበረም። ያን ቀን መኪናው ካልወጣ ሁሉም ነገር እንደገና ሊጀመር ነበር፣ ቢሮውም ሊዘጋ ነበር። ጀናዛህን ካረፋችሁበት ሰፈር መስጊድ ላሉ ሰዎች አደራ ብሎ ወደ ወደቡ ሮጠ። ሲመለስ ቀብረውህ ተበትነዋል። በማግስቱ መኪናህን የጫነው ከባድ መኪና ሊነሳ ነው ሲባል አብሮ ተሳፈረ። የቀበሩህን ሰዎች ስም እንኳ አልጠየቀም። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ታውቀዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወላሂ፣ አንድም ሳይስት በቃሉ ጠራልኝ።

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። እያለቀሰ፣ ወንድሜ የሚፈልገው ይኼንን ነው ብዬ ነው አለኝ። ያደቀቀኝ ይህ ቃል ነው፤ እውነቱን ነዋ! ያን ሰዓት ተነስተህ ብትጠየቅ አንተም እኔን ተወኝ፣ መኪናውን አስወጣ ትለው ነበር። አውቅሃለሁ። እኔም ሐያትም አምጡልን እያልን እዚህ ስንጮህ፣ አንተ መኪናውን ትል ነበር። ሰይድን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ያንተን ግን አላህ ያግዘኝ፣ ገና አልቻልሁም።

አሁን ሽጪው ብሎኛል፣ ሰይድ ራሱ። ይሸጣል። ከዚያ እኔና ሐያት እንሄዳለን። ሴት መቃብር መሐል ምን ትሠራለች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ያን መስጊድ ጠይቀን እናገኘዋለን፣ መቃብሩም ከዚያ አይርቅም። ያን ቀን የቀበሩህ እነማን እንደሆኑ አይታወቅምና፣ የቱ ጋ እንደተኛህ የሚነግረኝ እንደሌለ አውቄ ነው የምሄደው። እዚያ የተኙት የማላውቃቸው ሁሉ ዱዓዬ ይድረሳቸው፣ መሐላቸው አንተ አለህና። ተቆጥቼም ቢሆን አልረሳህም፤ በሕይወት እስካለሁ በየሰላቴ ስምህን አነሳለሁ። እዚያ ስደርስ ደግሞ ሰው ቢያፍርብኝም ጮክ ብዬ፣ ኑሩ ብዬ እጠራሃለሁ። እኔ ያለህበትን ባላውቅ፣ አንተ ድምፄን ታውቀዋለህ።

ባለቤትህ ዘይነባ