ለዶሮዎቹ የነፈሰው አየር

ለተከበሩ የዶሮ እርባታ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የቢሮዎም አየር እንደተመኙት የቀዘቀዘ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እናንተስ እንዴት ናችሁ ብለው መጠየቅዎ ስለማይቀር አስቀድሜ ልመልስልዎና፣ እኛም ከአንዳችን በቀር ሁላችን በእግራችን ቆመን እንገኛለን።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። አስቀድሜ በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ በእጄ ሰጥቼ ነበር፤ እሷም በትሕትና ተቀብላ «ሲመቻቸው ያዩታል» አለችኝ። እስካሁን እንዳልተመቸዎት ስለገባኝ፣ ሲገቡም ሲወጡም ዓይንዎ እንዲያርፍበት በማለት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሌሎች ሰዎችም ቆመው ካነበቡት ጥፋቱ የሰሌዳው ነው።

ማንነቴን ላስረዳ። «እናንተ የእንቁላሎቹ» እያሉ ከሚጠሩን ሴቶች አንዷ ነኝ። ከትልቁ የዶሮ ቤት ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ በመብራት ፊት እያዞርን የተሰነጠቀውንና የተበላሸውን ከደህናው እንለያለን። ሥራው ጨለማ ስለሚፈልግ መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል። ከላይ ቆርቆሮው፣ ከፊት መብራቱ፣ ከጎን የባልንጀራ ትንፋሽ ነው። ክፍሉን መግለጼ፣ ገብተው አይተውት ስለማያውቁ ሥዕሉ እንዲታይዎ ብቻ ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ የሁላችን ታላቅ የሆነች ሴት አለች። እርባታው ሲከፈት የገባች ናት፤ ትንሹም ትልቁም እታለም ይላታል። እኔን ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ የገባሁ ቀን እንቁላሉ እጄ ላይ እየፈረጠ ላለቅስ ስደርስ፣ ከጎኔ ሆና «አትጨብጪው እንጂ፤ የሕፃን አንገት እንደሚያዝ ያዢው» አለችኝ። የተሰነጠቀ እንቁላል ባገኘች ቁጥር «አንተም እንደኔ ወገብህን ነው?» እያለች ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች፤ እኛም ቀኑን ሙሉ በዚያ አንድ ቀልድ እንስቃለን። ክቡርነትዎ በሠራተኛ ስም ራስዎን እንደማያስቸግሩ ስለማውቅ፣ ይህችን አንዲት ሴት ብቻ እንዲያስታውሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሙቀቱ የጠናበት ሰሞን ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ሲያለከልኩ ማየት አንጀት ይበላ ነበር። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሞቱት እየተለቀሙ በጆንያ ይወጡ ነበር። እርስዎም ጨክነው ዝም አላሉም፤ በውሃ የሚሠሩትን ባለ ጎማ የአየር ማቀዝቀዣዎች አስመጡ። ማሽኑ ከኋላው ደረቁን አየር ይስባል፣ በውሃ በረጠበ፣ ቀዳዳ በበዛበት ወፍራም ሰሌዳ ውስጥ ያሳልፋል፣ ከፊቱ ቀዝቃዛ ነፋስ አድርጎ ይለቃል። የዶሮ ቤቱ ጎንና ጎኑ ወንፊት ሽቦ ስለሆነ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ሰበሰቡ፣ መብላት ጀመሩ፣ ሞቱም ቀረ። ስለ ዶሮዎቹ እግዜር ይስጥልን። ይህን ስል አልቀለድኩም፤ ነፍስ ያለው ነገር ሲቃጠል ማየት ለማንም አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ከማሽኖቹ አንዱ ለእኛ ክፍል ነው ተብሎ ሲመጣ እልል ማለት ነበር የቀረን። ሊተክል የመጣው ባለሙያ ግን ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሳለ «አየሩ መውጫ ከሌለው እርጥበቱ እዚሁ ይታፈናል፤ ቤቱ የእንፋሎት ቤት ነው የሚሆነው። ግድግዳውን ትንሽ ብሱና ብርሃን እንዳያስገባ በቆርቆሮ ጋርዱት» አለ። እርስዎም «እናስብበታለን» ብለው መለሱ። እስኪታሰብበት ድረስ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንዳይቆም በመጨነቅ፣ ሾፌሩ እየገፋ ወደ ቢሮዎ እንዲወስደው አዘዙ። «ለጊዜው ነው» አሉን። እኛም ጊዜ የማን እንደሆነ ስላልጠየቅን ጥፋቱ የእኛ ነው። ክቡርነትዎም መስኮቱንና በሩን ዘግተው እንዳስነሡት፣ ወረቀቶችዎም እየረጠቡ ጫፋቸው እንደሚጠቀለል ከጸሐፊዎ ሰምተን በጣም አዝነናል። ባለሙያው የተናገረው ለእኛ ክፍል ብቻ መስሎዎት ይሆናል።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ታግሠው እንዲያነቡኝ እለምናለሁ።

የዚያን ቀን ገና ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣ ነበር። እታለም ከጠዋት ጀምሮ አልቀለደችም። ደህናውን እንቁላል ከተሰነጠቀው ጋር ስታስቀምጥ አይቼ ዝም ብዬ መለስኩት። ጥቂት ቆይታ «መብራቱን ማን አደበዘዘው?» አለች። መብራቱ እንደነበረ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ሳለ የእሷ ፊት ደርቋል። ግንባሯን ስነካት እንደ ጋለ ብረት ፈጀኝ። «እታለም፣ ነይ እንውጣ» ስላት በልጇ ስም ጠራችኝና «ትምህርት ቤት አልሄድሽም እንዴ?» አለችኝ። ልጇ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። ከዚያ በኋላ ከነወንበሯ እንቁላሉ ላይ ወደቀች።

ለአራት ተሸክመን አወጣናት። ውጭው ፀሐይ ነው፤ የምናሳርፍበት ቦታ ጠፋን። በግቢው ውስጥ ከቢሮዎ በቀር አንድ ቀዝቃዛ ቦታ ብቻ እንዳለ ሁላችንም እኩል ትዝ አለን፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ዶሮ ቤቱ ሮጥን። የዶሮዎቹ ሐኪም እዚያው ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ በአንገቱ ነው የሚሰጠው። ጫማችንን በር ላይ ባለው የመድኃኒት ውሃ ሳንነክር፣ ልብሳችንን ሳንቀይር ስንገባ ይጮህብናል ብለን ፈራን። እሱ ግን አንዴ አያትና ሁለቱን ማቀዝቀዣዎች ጎትቶ ወደ እሷ አዞራቸው። «እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም» አለ፤ ይህን እያለ ግን የራሱን ሸሚዝ አውልቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ አንገቷና ብብቷ ላይ ያደርግ ነበር። ልናጠጣት ስንል «ትን ይላታል፤ ተዉ፤ ከላይ አፍስሱባት» አለን። ዶሮዎቹ ግር ብለው ወደ ጥግ ሸሽተው ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «መኪና፤ አሁኑኑ» አለ።

ሾፌሩ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። «ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው» አለኝ። እግሬ ይሁን ነፍሴ የሮጠው አላውቅም፤ ቢሮዎ ደረስኩ። ጸሐፊዎ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። «ስብሰባ ላይ ናቸው። በሩ እንዳይከፈት ብለዋል፤ ቅዝቃዜው ይወጣል» አለችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም፤ የታዘዘችውን ነው የተናገረችው፤ ፊቴን ስታየውም ራሷ ከበሩ ላይ ዘወር አለች።

ከፍቼ ገባሁ። እርስዎና ሁለት እንግዶችዎ ለስላሳ መጠጥ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል፤ የእኛው ማሽን ከኋላዎ ይነፍሳል። «እታለም ወድቃለች፤ ልትሞትብን ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ» አልኩ። እርስዎም ቃል በቃል «በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ከውስጥ ሆኜ።

ከዚያም እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከእንግዶችዎ አንዱ መጠጡን አስቀምጦ አቀርቅሮ ነበር። በመጨረሻ ቁልፉን ከኪስዎ አውጥተው ሰጡኝ፤ «ሾፌሩ ቶሎ እንዲመለስ ንገሪው» የሚለውን መልእክትዎንም በታማኝነት አድርሻለሁ። ሾፌሩ የሰጠውን መልስ ግን ለክቡርነትዎ ጆሮ ስለማይመጥን ትቼዋለሁ።

የሆስፒታሉ ሐኪም እንደነገረን፣ እርጥቡ ሸሚዝና ነፋሱ ባይኖሩ ኖሮ እታለም በሕይወት አትደርስም ነበር። በሕይወት ደርሳለች። ኩላሊቷ ግን ተጎድቶ ብዙ ሰነበተች፤ አሁንም ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው።

አራተኛ፤ በማግሥቱ ለእኔና ለዶሮዎቹ ሐኪም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን፤ «ያለ ፈቃድ ወደ እንስሳት መኖሪያ ሰው በማስገባትና የዶሮዎችን ጤና ለአደጋ በማጋለጥ» ይላል። ሐኪሙ አንብቦ አጠፈውና «ዶሮዎቹስ ደህና ናቸው» አለ። ከተዋወቅን ወዲህ ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ቀልድ እሱ ነው።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩን ግን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀረው የሚቆጠር አይደለም።

ማስጠንቀቂያው በደረሰን ዕለት ወደ ጨለማው ክፍል ሳንገባ በውጭው ግድግዳ ጥላ ሥር ተደርድረን ተቀመጥን። አልጮኽንም፣ አልተሳደብንም። የእንቁላሉ ትሪ በትሪ ላይ እየተከመረ ሄደ። እኩለ ቀን ሲያልፍ እርስዎ ራስዎ መጡ፤ እኛ ክፍል አጠገብ ሲደርሱ ያየነው ማሽኑ ከተወሰደ ወዲህ ያን ቀን ነው። «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አሉን። ከመካከላችን ቃል ለማውጣት የምትሰስተው፣ እኛም ለዚሁ ቁጥቧ የምንላት ልጅ «ግድግዳው እስኪተነፍስ» አለች። እርስዎም ፊትዎ ቀላ፤ እንቁላሉን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ደግመው እንቁላሉን አዩና ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግንበኛው መዶሻውን ይዞ መጣ፤ ግድግዳው ተበሳ፣ ቀዳዳው በቆርቆሮ ተጋረደ፣ ሾፌሩም ማሽኑን እየገፋ መለሰው። ሲያልፍ ጠቀሰን። ዛሬ ተራ ገብተን ውሃ እየሞላን እንሠራለን፤ ነፋሱ ከአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ጨለማውም አልተነካም። እናስብበታለን ያሉት ነገር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆኖ ማየታችን፣ ሐሳብዎ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ አስተምሮናል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ተመስገን ብለን ሥራችንን በያዝን ነበር። ነገር ግን እታለም ከሆስፒታል ወጥታ ልጇ ቤት በተኛች በሳምንቱ፣ «ከሥራ ገበታ ላይ በመጥፋትዎ ተሰናብተዋል» የሚል ወረቀት ተላከላት። ልጇ ወረቀቱን ደብቃባት ነበር፤ እሷ ግን ትራስ ሥር አገኘችው። ልጠይቃት ስሄድ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ «የት ጠፍቼ ነው? ዶሮ ቤት አልነበርኩም?» አለችኝ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ስለዚህ የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው። ወረቀቱ ይነሣ፤ እታለም እስክትድን ትረፍ፤ ስትድን ቦታዋ ላይ ትቀመጥ። መልስዎን እስከ ሰኞ እንጠብቃለን። ሰኞ ጠዋት እኛው ራሳችን ደግፈን እስከ ዋናው በር እናመጣታለን። በሩ ከተከፈተላት አብረናት እንገባለን፤ ካልተከፈተላት አብረናት ውጭ እንቀራለን። ሐኪሙም ሾፌሩም ከእኛ ጋር እንደሚቆሙ ነግረውናል። ጸሐፊዎ ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ ትናንት ግን የእታለም ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃኛለች። ዶሮዎቹ ሰኞም እንደወትሮው ይጥላሉ፤ እነሱ ከእርስዎ ጋር ጸብ የላቸውም።

በማስጠንቀቂያዎ የተመከርኩ፣ በነፋስዎ የተካስኩ፣ ስለ ጤናዎ ዘወትር የምጨነቅ፣ ትሕትናዬ ይህን ወረቀት ሞልቶ የፈሰሰ፣

የእንቁላሎቹ ከሚሏቸው አንዷ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰሞኑን ያሰቀሉትን ትልቅ ፎቶግራፍ አየነው። እርስዎ ማቀዝቀዣውን በእጅዎ ደገፍ ብለው ፈገግ ብለዋል፤ ከሥሩም «የሠራተኞቻችን ምቾት ከሁሉ ይቀድማል» ተብሎ ተጽፏል። ሠራተኛ የትኛው ነው ብለን ብንፈልግ ብንፈልግ፣ ከበስተኋላዎ የቢሮዎ መጋረጃና የቆዳ ወንበርዎ ብቻ ናቸው። መጋረጃው ግን እውነትም ያምራል።