ፀሐይን በጃንጥላ የቆለፈችው ሴት

ይድረስ ከእናታችን ቀጥላ ላሳደገችኝ ለእታለም ወይኒቱ ገደፋው፤ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የምትሠሪበት ቤት ያሉት ሕፃናትስ ደኅና ናቸው? የሐይቁ ነፋስ ይበርዳል ብለሽን ስለነበር አባባ ስምሽ በተነሣ ቁጥር “ጋቢውን ደርባ ይሆን?” ይላሉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ላሟም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው።

ደኅና ነን ያልሁሽ ጤናውን ነው። ሆዴ ግን ደኅና አይደለም። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ሲቆጡኝ አንገቴን እሰብራለሁ እንጂ አልመልስም። ለዚህ ነው የሆነውን ሁሉ በአፌ ለማንም ሳልናገር ለአንቺ የምጽፍልሽ። ስልኩማ እንደምታውቂው ሲፈልግ ነው የሚሠራው።

በመስቀል ሰሞን በሾፌሩ በኪዳነ ማርያም የላክሽልን የሥዕል መጻሕፍት ደርሰውናል። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የሰፈሩ ሕፃናት የሚውሉት እኔ ዘንድ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁና አስተማሪ አድርገውኛል። መጻሕፍቱን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። በግራው ገጽ ሥዕል አለ፤ ቀኙ ግን ባዶ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አደይ “ውይ፣ ቀለም አልቆባቸው ነው!” ብላ አዘነችላቸው። ባዶው የእናንተ ነው፣ የቀረውን ተረት እናንተ ሣሉ፣ ጻፉ ነው የሚለው ብዬ ባስረዳቸው መጀመሪያ አላመኑኝም።

ወንድማችን ደሴ የፍየሏን ገጽ መረጠ። ፍየሏ የጎጆ ጣሪያ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች፤ “በምን ወጣች?” ይላል ጥያቄው። ሌሎቹ መሰላል ነው፣ ዛፍ ነው እያሉ ሲከራከሩ እሱ ምላሱን አውጥቶ ብዙ ቀጫጭን መስመር አሰመረ። ምንድን ነው ስለው “ዝናብ ነዋ! ዝናቡን ይዛ ወጣች” አለኝ። ከሥሩም የስሙን ደ ጻፈ። እታለም፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገርሽ።

በዚያው ቅጽበት አክስታችን እትዬ ንግሥቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱን የሚይዙልን እሳቸው ናቸው። ማንበብ አያውቁም፤ ለእሳቸው መጽሐፍ ማለት የሚሳም እንጂ የሚሞነጫጨርበት አይደለም። “አበስኩ ገበርኩ! መጽሐፍ ላይ!” ብለው በያዙት ማማሰያ ደሴን ጣቶቹ ላይ መቱት። “ከሐዋሳ ድረስ የመጣ ንጹሕ ወረቀት አበላሸ! ባለጌ እጅ!” እያሉ በጓደኞቹ ፊት ደገሙት። መጻሕፍቱን ሰብስበው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉ። ቁልፉን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩ። እኔ ምን አደረግሁ? አንገቴን ሰበርሁ።

የጣቱ እብጠት ጎደለ። ደሴ ግን ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልያዘም። መሬት ላይ በጭራሮ እንኳ አይጭርም። ጻፍ ስለው እጁን ብብቱ ሥር ይደብቅና “እጄ ባለጌ ነው” ይለኛል። እንደ ቀልድ አይደለም፤ አምኖበት ነው። ለአባባ ብነግራቸው “አክስትሽ ለደግ ብላ ነው፤ ወረቀት ይከበራል” ብለው ማጭዳቸውን አንሥተው ወጡ። ይህ ልጅ ሳይጽፍ ሊያድግ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይባል የለ? እኔም ከጸሎቱ ቂሙን መረጥሁ። ሰንበት ሰንበት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እሳለማለሁ እንጂ ጸሎቱን ትቸዋለሁ።

ከወፍጮ ቤቱ ባዶ የስሚንቶ ከረጢት ለምኜ አመጣሁ። ወረቀቱን ልጬ፣ ቆርጬ፣ በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። በከሰል ሣልሁበት፤ ለቀዩ ደግሞ እንሶስላ ቀቀልሁ። በመጀመሪያው ገጽ አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት መጻሕፍት ትቆልፋለች። በሚቀጥለው ስኳር ትቆልፋለች። ከዚያ ፀሐይን እንደ ጫጩት በጃንጥላዋ ከድና ትይዝና ሳጥን ውስጥ ትከታታለች። የቀረውን ባዶ ትቸ ከራስጌው “ከዚያስ?” ብዬ ጻፍሁ። ስም አልጻፍሁም፤ ፈርቼ ነው። ግን ክረምት ከበጋ ከጃንጥላዋ የማትለይ ሴት በሰፈራችን ስንት አለች?

አውድማው ዳር ሰብስቤ ሳሳያቸው አደይ “ማርያምን! እትዬ ንግሥቴ ናቸው!” ብላ ጮኸች። አይደሉም ማለት እችል ነበር። አላልሁም። “ስማቸው እንዴት ይጻፋል?” አሉኝ። ጭራሮ አነሣሁና መሬት ላይ ጻፍሁላቸው። ሀ ሁ በሉ ስላቸው የሚያዛጉት ልጆች ለዚህ ስም ተሻሙ። ባዶውን ገጽ ሲሞሉትማ ብታዪ! አንዱ ሴትዮዋን ራሷን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፋት። አንዷ ደግሞ ፀሐይ ጃንጥላውን አቃጥላ ስትወጣ ሣለች። አደይ ሴትዮዋን አህያ አደረገቻትና ጃንጥላውን ጭራዋ ላይ ሰካችው። ወረቀት ሲያልቅባቸው ወደ ግድግዳ ወጡ። እትዬ ንግሥቴ ለመስቀል በነጭ አፈር የለቀለቁት የቤታችን ግድግዳ፣ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ፣ የድልድዩ ግንብ፣ ሁሉም ጃንጥላና “ንግሥቴ” ሆነ። እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው ውሃዬን እቀዳለሁ፤ ሆዴ ግን ይስቃል። ደሴ ብቻ እጁን ብብቱ ውስጥ እንደከተተ ከዳር ያያል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ እትዬ ንግሥቴ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ባለወፍጮው ባዬ አፉ አያርፍም፤ “እትዬ ንግሥቴ፣ እባክዎ ሳጥኑን ይክፈቱልን፤ ፀሐይ አጥተን በርበሬያችን ሊሻግት ነው!” ቢላቸው ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ቤት ሲደርሱ ግን ጠሩኝ። ግድግዳው አጠገብ አቁመው በጃንጥላቸው ጫፍ እያመለከቱ “ይኸ ምን ይላል?” አሉኝ። “ስምዎን ነው” አልሁ። “ይኸኛውስ?” “ስምዎን።” “ያስ?” “እሱም።” እንዲህ እየተባባልን ቤቱን ዞርነው። “ማነው የጻፈው?” አሉኝ። እታለም፣ በዕድሜዬ ለትልቅ ሰው መልሼ አላውቅም። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ግን ወጣ። “ባለጌ እጅ ነው የጻፈው” አልኋቸው።

ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልመቱኝም። ጃንጥላቸውን መደቡ ላይ አኖሩ። ኋላ ጭቃ አቡክተው በስማቸው ላይ እየለቀለቁ አጠፉት። ልጆቹ ግን ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቀው እንደገና ጻፉበት፤ አዲስ ልቅልቅ ለከሰል ሲመች! እሳቸው ይለቀልቃሉ፤ እነሱ ይጽፋሉ። በመጨረሻ ታከታቸውና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው መጻሕፍቱን ጭኔ ላይ ጣሏቸው። “እንኪ! ከፈለጋችሁ ብሉት፤ ግድግዳዬን ብቻ ልቀቁልኝ!” አሉ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ሞቀኝ።

ደሴ የፍየሏን ገጽ ፈልጎ ገለጠው። ለካ አክስታችን ዝናቡን በምራቃቸው ሊያጠፉት ሲፈትጉ ወረቀቱን ቀድደውታል። አውራ ጣት ያሾልካል። ደሜ ፈላ። “በል ደሴ፣ አሁን እሳቸውን ሣላቸው፤ እጅ የሌላቸው አድርገህ ሣላቸው” ብዬ እርሳስ አቀበልሁት። እሱ ግን የሰማኝም አይመስል። ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ ሲያይ ቆየና “ሠርኬ፣ ይኸ እኮ በር ነው” አለኝ። እርሳሱን ያዘ። በቀዳዳው ዙሪያ መቃን ሣለለት። ፍየሏ በዝናቡ ወጥታ በዚህ በር ደመናው ቤት ገባች አለ። ከሥሩም ስሙን ሙሉውን ጻፈ፤ ሴን ፊቷን አዙሮ ቢያቆማትም አልነካሁበትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ደሴ ረስቷል። ትናንት ከእትዬ ንግሥቴ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ከጅጋ ገበያ ሲመለሱ አየኋቸው፤ ሸንኮራ ገዝተውለታል። የተመታው ረሳ፤ ቆሜ ያየሁት እኔ ግን አልረሳሁም። ይቅር በያቸው ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ቂሙ ገና አልወጣልኝም።

አባባ በጣም ሰላም ብለውሻል፤ ለገና ትመጣ ይሆን እያሉ ነው። አደይና እናቷ ሰላም ይሉሻል። ደሴ ጉልበትሽን ይስማል፤ ከታች ያለው ስም የራሱ እጅ ነው። እትዬ ንግሥቴ ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጥተው ቁጭ ብለዋል። ስማቸውን አሁን በዓይን ስለሚለዩት በመዳፌ ሸፍኘዋለሁ። “ለወይኒቱ ከእኔም ሰላም ብለሽ ጻፊልኝ” አሉኝ። አንገቴን ሰብሬ፣ በጨዋ ደንብ፣ “ራስዎ ይጻፉት” አልኋቸውና የደሴን እርሳስ ከፊታቸው አኖርሁ። እስካሁን እያዩት ነው።

እኅትሽ ሠርክአዲስ ገደፋው
ደሴ

ጃቢ ጠህናን፣ ከጅጋ በታች
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.