ጆሮ ደግፍ ያልነው እብጠት

ውድ ጀቤሳ፣

ልጃችን ሆስፒታል መግባቷን ትላንት በስልክ ነግሬሃለሁ። ለምን እንደዘገየን ግን አልነገርኩህም። መሪ ይዘህ ስለነበር ፈራሁ። ጓደኛህ ሙህሲን አዳማ ላይ እንደሚያገኝህ ስለነገረኝ ይህን ወረቀት በእጁ ላክሁልህ። መኪናህን አቁመህ አንብበው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሮዳስን ጥርሷን ሲያማት «ሳሪስ ክሊኒክ ሄደን ነበር፤ ሰው ሞልቶ ቀጠሮ ሰጡን» ያልኩህ ውሸት ነው። መሄዱንስ ሄደናል። ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ ተንገላተን በሩ ላይ ደርሰናል። ገና ካርድ ሳናወጣ ከውስጥ የመቦርቦሪያው ጩኸት ተሰማ። ልጅ ሳለሁ አቃቂ አንድ ድሬሰር ሳያደነዝዝ መንጋጋዬን እንደነቀለኝ ታውቃለህ፤ «እታገኝ የጥርስ ሐኪም ካየች ከእኔ ቀድማ ጅቡቲ ትገባለች» እያልክ ትስቅብኝ የለ? ልጄን እጇን ይዤ ተመለስኩ። «ሰው ሞልቷል፣ ቀጠሮ ይዘናል» አልኳት። አመነችኝ።

ቅርንፉድ አስነከስኳት። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ጭራሽ ጠፋ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። የወተት ጥርስ ነው፣ ራሱ ይወልቃል ብዬ ተውኩት። ባለፈው እሑድ ግን ከመንጋጋዋ ሥር አብጣ ተነሳች። ጎረቤታችን እትዬ አሰፋች ዳሰስ አድርገው፣ «ምን ያስደነግጥሻል? ጆሮ ደግፍ እኮ ነው! እሱ ያልያዘው ልጅ አለ እንዴ? ንፋስ አታግቢባት» አሉኝ። በእሳቸው አልፈርድም፤ ጥርሷን አሟት እንደነበር አልነገርኳቸውም። ጥርስ ነው ካልኩ ክሊኒክ መሄድ ሊመጣ ነው። ጆሮ ደግፍ ይሁንልኝ ብዬ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልዬ ሦስት ቀን አስተኛኋት። በሦስተኛው ቀን አፏ አልከፈት አለ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት። ያኔ በባጃጅ ይዣት በረርኩ።

ያየቻት ዓሊያ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ናት። የወተት ጥርስ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅል፣ የማይተካ መንጋጋ ነው አለችኝ። ሕመሙ የጠፋውም ድኖ ሳይሆን ነርቩ ሞቶ ነው። መግሉ ወደ አንገቷ ወርዷል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ ጥርሱ ይነቀላል፣ መግሉ ይወጣል። እብጠቱ ከዚያ በፊት ትንፋሿን እንዳይዘጋው በየደቂቃው እየመጡ ያይዋታል። እኔም ዓይኔን ከደረቷ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ጀቤሳ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው፤ የደረሰው ግን በእኔ ላይ አይደለም።

ሐኪሟ «ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» ስትል ሮዳስ ያቺን የማትከፈት አፏን እንደምንም አላቃ፣ «እማዬ ወስዳኛለች እኮ። ሰው ሞልቶ ነው» ብላ ተከራከረችልኝ።

ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። ለአንተም ይኸው ጻፍኩልህ። ለልጄ ገና አልነገርኳትም፤ እነግራታለሁ። ብቻ ትትረፍልኝና ትጥላኝ።

ያንተዋ
እታገኝ